የነሐሴ ጀልባ

«ተቀመጪ ተባልሽ እኮ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ቆማ ወንበር አትደረድርም» አሉ እትዬ አስካለማርያም፣ የፕላስቲኩን ወንበር ከእጇ እየወሰዱ።

ኑሀሚን ወንበሩን ለቀቀችላቸውና ሌላ አነሳች። ትሩጋኒና በሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር ያለው ቤታቸው ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ለቅሶው የተቀመጠው ጋራዡ ውስጥ ነው። መኪናዋ መንገድ ዳር ወጥታለች። ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ከዕድሩ የመጡት ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ሁለት ማሞቂያዎች ከግራና ከቀኝ ቢነዱም የዚህ አገር የሰኔ ብርድ በጋራዡ በር ሥር እየሾለከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። የሚመጣው ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፤ ከዚያ ፊቷን ያያል፤ ከዚያ ደግሞ ማሞቂያውን ያያል።

እናቷ የሺሀረግ የተቀበረችው ትናንት ነው። የሞተችው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ሰንሻይን ገበያ ማዕከል፣ መድኃኒት ቤት ተሰልፋ ሳለች። ወደቀች፣ አምቡላንስ ተጠራ፣ አምቡላንሱ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሀሚን አላለቀሰችም። ሰው ጥርስ ሐኪም ቤት ተወግቶ ሲወጣ ከንፈሩ የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ እሷም መላ አካሏ የሌላ ሰው መስሏት ነበር የሰነበተችው።

ሥራዋ የጭነት መኪኖችን ሰዓት መመደብ ነው። የትኛው መኪና የትኛው መጋዘን በር ላይ መቼ እንደሚቆም ትወስናለች፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሾፌር አትወድም፣ በስልክ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ሰውም አትወድም። እናቷ በሞተች ማግሥትም እንደ ሥራዋ ነው ያደረገችው። የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ ሰረዘች። የስልኩን ኮንትራት ሰረዘች። ጀልባውንም ሰረዘች። ለሦስቱም የወሰደባት ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ጀልባው የአራት ሴቶች ነበር። የሺሀረግ፣ እትዬ አስካለማርያም፣ እትዬ ዓለምጸሐይና እትዬ ለተጊዮርጊስ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ተሰደው መጥተው፣ ከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል ገብተው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ሲቀይሩ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ የአልጋ ሳይሆን የእረፍት ነገር ማውራት ጀመሩ። በየቅዳሜው ሰንሻይን ምግብ መሸጫዎቹ መሐል አንድ ጠረጴዛ ይይዙና ከኢንተርኔት ያሳተሙትን ወረቀት ይዘረጋሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ድሮ እህል ይጭን የነበረ፣ አሁን ተንሳፋፊ ሆቴል የሆነ ረጅም ጀልባ ነው። ፈረንሳይ አገር፣ የሰው እጅ በቆፈረው የውሃ መንገድ ላይ ይሄዳል። ካፒቴን አለው፣ ምግብ አብሳይ አለው፣ አልጋ የምታነጥፍ ልጅ አለችው። ሙሉውን ለራሳቸው ነው የሚይዙት።

አንድ ቅዳሜ ኑሀሚን እናቷን ልትወስድ መጥታ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እያሽከረከረች ሰምታቸው ነበር።

«ፍጥነቱ ሰው ሲራመድ ያህል ነው ይላል» አለች የሺሀረግ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ። «ይኼ ለእኔ የተሠራ ነው። እስከ ገዳሪፍ በእግሬ ሄጃለሁ፣ በቃኝ። አሁን እኔ ቁጭ ልበልና መሬቱ ይሂድልኝ።»

«ቢገለበጥስ?» አሉ ውሃ የሚፈሩት እትዬ ዓለምጸሐይ።

«ቆመሽ ትወጫለሽ። ጥልቀቱ ደረት ድረስ ነው፣ ካፒቴኑን ጠይቄዋለሁ።»

«የማን ደረት? የእኔ ነው የካፒቴኑ?»

እትዬ ለተጊዮርጊስ ከሳቃቸው የተነሳ ሻያቸውን ደፉ። የሺሀረግ ወረቀቱን ከሻዩ አሸሸችው። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አልጋዬን ሌላ ሰው ሲያነጥፈው በር ላይ ቆሜ ማየት።»

«አንቺማ ታርሚያታለሽ» አሉ እትዬ አስካለማርያም።

«ጥጉን ካበላሸች አርማታለሁ እንጂ።»

«እማዬ፣ መኪናው የማይቆምበት ቦታ ነው የቆመው» ብላ ነበር ኑሀሚን ያን ጊዜ።

ረቡዕ ወደ ማታ ላይ፣ እንግዳው ሳሳ ሲል፣ ውሃ ልትቀዳ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሦስቱ ሴቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ሰው ያመጣውን የምስርና የክክ ወጥ በትንንሽ ዕቃ ይከፋፍላሉ።

«ፓስፖርቴ ትናንት መጣ» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ በሹክሹክታ። «ከቀብር ስመለስ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ አገኘሁት። ፎቶው ላይ ስስቅ ነው የወጣሁት።»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች» አሉ እትዬ አስካለማርያም።

«ምን አልኩ? ፓስፖርት መጣ ነው ያልኩት።»

«ያ ምግብ አብሳይስ?» አሉ እትዬ ለተጊዮርጊስ። «ያን ሁሉ ስለ ጾሙ አስተምራው…»

«ዝም በሉ አልኩ።»

«የምን ጾም?» አለች ኑሀሚን ከበሩ።

ሦስቱም ዞሩ። «የሰኔ ጾም ነዋ» አሉ እትዬ አስካለማርያም ሳይደነግጡ። «ምስሩ ዘይት በዝቶበታል እያልን ነው። ወገኛ ናት ይኼን የሠራችው።» ከዚያ ውሃውን ራሳቸው ቀድተው ሰጧትና ወደ ጋራዡ መለሷት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ስልኳን ስትከፍት ከጀልባው ቢሮ መልስ አገኘች። በሐዘኗ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ስረዛው እንዲጸና የቦታ መያዣውን ቁጥር እስከ ዓርብ እንድትልክላቸው ጠየቁ። ሐሳቧን ከቀየረች ደግሞ የአራቱን ተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር አረጋግጣ ትላክ። ዓርብ ካለፈ ጀልባው ለሌላ ይሰጣል።

ማረጋገጫውን ያኔ ለእናቷ አስተላልፋ ከራሷ ስልክ አጥፍታው ስለነበር፣ ቁጥሩ ያለው የእናቷ ታብሌት ላይ ነው። ኑሀሚን ታብሌቱን ከእናቷ ትራስ አጠገብ አነሳችው። ልትፈልግ የገባችው አንድ ቁጥር ነበር፤ ያገኘችው ግን የአራት ወር ደብዳቤ ነው።

ማቲዩ የሚባለው የጀልባው ምግብ አብሳይ በየካቲት ስለ አገሩ አይብና ቅቤ በሰፊው ጽፎ፣ ከእንግዶቹ አለርጂ ያለበት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሺሀረግ የመለሰችለት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሆቴል ለኃላፊዋ ማስታወሻ ትጽፍ በነበረበት ዓይነት።

«ሥጋ የለም። ወተት የለም። ቅቤ የለም። አይብ የለም። እንቁላል የለም። ዓሣም የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የለም። አለርጂ አይደለም። ኦገስት ነው።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ጥያቄ አበዛ። እሷ ስለ ፍልሰታ አስረዳችው። እንዲህ ከሆነ በመስከረም ነፃ ሳምንት አለን፣ ለምን ቀኑን አንቀይረውም አላት።

«አይቻልም። ቀኑን የመረጠችው ልጄ ናት። ሥራ ይበዛባታል። ቀኑ ጥሩ ነው። ስህተት መሆኑን ለቢሮው እንዳትነግር፣ ቢሮው የሚጽፈው ለእሷ ነው።»

ኑሀሚን ታብሌቱን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ማቀዝቀዣው ላይ ቤተ ክርስቲያን የምታድለው ካላንደር ተሰቅሏል፣ የእኛውም የፈረንጁም ቀን ያለበት። ኦገስትን ገለጠች። ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀይ ነው። ነሐሴ አንድ፣ ጾመ ፍልሰታ ይጀመራል ይላል፣ ለማንም እንዳይሰወር በትልቁ።

ጀልባውን የያዘችው በምሳ ሰዓቷ ነበር። በአንድ እጇ ሳንድዊች፣ በአንድ እጇ ስልክ።

«እማዬ፣ ኦገስት ዘጠኝ የሚነሳ ክፍት ሳምንት አለ። ልያዘው?»

«ቆይ፣ ካላንደሩን ልይ። መነጽሬን…»

«ሌላ ሰው ይወስደዋል እኮ። በቃ፣ ቡክ አደረግሁት።»

በስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ነበር፣ ከጀርባው የሞተር ጉርምርምታ ያለበት። ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። አሁን ካላንደሩ ፊት ቆማ ያንኑ ጉርምርምታ ሰማችው፤ የማቀዝቀዣው ነው። እናቷ እዚሁ፣ እዚህ ቦታ ላይ ነበር የቆመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ነበር ያለቻት። «በጣም ጥሩ ቀን ነው።»

ኑሀሚን ተናደደች። ንዴቱ በማን ላይ እንደሆነ ባታውቅም ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጣ አንድ ነገር ነበርና አልከለከለችውም። ወንበር ስባ የቀረውን አነበበች።

የሺሀረግ ለምግብ አብሳዩ ሁለት ኪሎ ሹሮ በፖስታ ልካለታለች። እሱ እየሠራ ፎቶ ይልካል፣ እሷ ታርማለች። መጀመሪያ በነጭ ሳህን መሐል ማንኪያ በማይሞላ መጠን፣ አንድ ቅጠል ደርቦበት ላከ። «ቅጠሉን አንሳ። ሹሮው ሲሚንቶ ሆኗል።» ሁለተኛው፣ «አሁን ደግሞ ሾርባ ነው።» ሦስተኛው፣ «ቀርቧል። ሽንኩርቱን በደንብ አላበሰልክም፣ ቸኩለሃል። እኔ የሚቸኩል ሰው ከሩቅ አውቃለሁ። ልጅ አለችኝ።»

አራተኛው ፎቶ የመጣው ያን ማክሰኞ ነው። ከሥሩ አንድ ቃል አለ፤ «ዛሬስ?» ማንም አልከፈተውም ነበር።

ሐሙስ ሰልስት ስለነበር ቄሱ መጥተው ጸሎት አድርሰው ሄዱ። ምሳ ቀርቦ ተነሣ። ጋራዡ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ዳንደኖንግ ገበያ ድምፃቸውን ቀንሰው ሲያወሩ ኑሀሚን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሦስቱ ሴቶች ለማታ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«ስለ ጀልባው» አለች።

«ልጄ፣ አሁን የጀልባ ወሬ ጊዜው አይደለም» አሉ እትዬ አስካለማርያም።

«ሰርዤዋለሁ።»

የሦስቱም ቢላ ቆመ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ እትዬ አስካለማርያም።

«ደግ አደረግሽ» አሉ እትዬ ለተጊዮርጊስ።

እትዬ ዓለምጸሐይ የተከተፈውን ሽንኩርት እንደገና መክተፍ ጀመሩ።

«ሳልጠይቃችሁ ነው የሰረዝኩት» አለች ኑሀሚን። «ቀኑንም ሳልጠይቅ ነበር የያዝኩት። ፍልሰታ መሆኑን ዛሬ ጠዋት ገና አየሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ። ከምግብ አብሳዩ ጋር የተጻጻፈችውን አነበብኩ።»

እትዬ አስካለማርያም ቢላቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «አስምላን ነበር። ‹ከነገራችኋት በአንድ ደቂቃ ትሰርዘዋለች፣ እኔ ልጄን አውቃታለሁ› ብላ።»

«አዎ» አለች ኑሀሚን።

«እንዲያ ማለቷ…»

«እውነቷን ነው። ግን ነግራኝ ሌላ ሳምንት ብንይዝ ምን ነበረበት? አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

የመለሱላት እትዬ ለተጊዮርጊስ ናቸው፣ ፊቷን ሳያዩ። «‹ስትይዝልኝ ደስ ብሏት ነበር› አለችን። ‹ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አብረን አደረግን፤ ተሳስተሻል ብዬ አላበላሽባትም፣ ጾሙን እኔ ከምግብ አብሳዩ ጋር እጨርሰዋለሁ› አለች።»

ኑሀሚን ይህን ሰምታ ምን እንደሚሰማት ጠበቀች። ምንም አልመጣም። የተሰማት ብርድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከጉልበቷ በታች።

«ገና አላለቀም» አለች። «ስረዛውን አላጸናሁትም፣ እስከ ነገ ጊዜ አለን። ስማችሁን ከላክሁ ጀልባው የእናንተ ነው። መሄድ ትፈልጋላችሁ?»

«እንዴት ይሆናል?» አሉ እትዬ አስካለማርያም። «የሺ አፈሯ ሳይደርቅ እኛ ፈረንሳይ አገር ሽርሽር? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ማለት ማን ነው?»

«ያውልሽ» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ በቢላቸው ጫፍ ወደ ጋራዡ እያመለከቱ። የዚያኑ ጊዜ በሩ ተከፈተና የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሼ ይርጋ ባዶ ፔርሙስ ይዘው ገቡ።

ጋሼ ይርጋ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲቀብሩ የኖሩ ናቸው። ማን ለማን ስንት ቀን እንደተቀመጠ፣ ማን ጥቁሩን ቶሎ እንዳወለቀ ያውቃሉ። ሰው ምን ይላል ሲባል፣ መጀመሪያ የሚታሰበው እሳቸው የሚሉት ነው።

«ምነው?» አሉ ዝምታውን አይተው። «እዚህ ደግሞ ሌላ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ስለ ጀልባው እየተነጋገርን ነው፣ ጋሼ ይርጋ» አለች ኑሀሚን።

እትዬ አስካለማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኑሀሚን ግን ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ስለ ጀልባው፣ ስለ አራቱ ሴቶች፣ ስለ ነገው ቀነ ገደብ፣ ስለ ስህተቷም በአራት ዐረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ጋሼ ይርጋ ፔርሙሱን ሞሉ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«አርባዋ በሐምሌ ይወጣል። ጀልባው መቼ ነው የሚነሳው?»

«ነሐሴ ሦስት። የሚመለሰው ነሐሴ ዘጠኝ።»

«እነዚህ ሴቶች ሊጾሙ ነው?»

«ምግብ አብሳዩ ሹሮ እየተማረ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚቀርበው።»

«ወይኑስ?»

«እናቴ አያስፈልግም ብላ ጽፋለች።»

«ጭፈራ?»

«ማን ይጨፍራል፣ ጋሼ ይርጋ፣ በዚህ ጉልበት?» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ።

ጋሼ ይርጋ የፔርሙሱን ክዳን አጠበቁ። «ታዲያ ሽርሽር የሚለውን ወሬ ከየት አመጣችሁት? በፍልሰታ ከቤቱ ወጥቶ፣ ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሹሮ የሚቀምስ ሰው ምን ገባ ነው የሚባለው?»

ፔርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሱባኤ ገባ ነው የሚባለው። አንዱ ገዳም ይገባል፣ አንዱ ዋሻ ይገባል። የእናንተ ውሃ ላይ ሆነ እንጂ ሱባኤ ነው። በመስከረም ቢሆን ኖሮ እኔም አፌን አልይዝም ነበር።»

«ፈረንሳይ አገር እኮ ነው» አሉ እትዬ አስካለማርያም፣ እንደሚከራከር ሰው ሳይሆን እንደሚያረጋግጥ ሰው።

«ይሁን። እዚያ ጸሎት አይሰማም ያለሽ አለ?» ፔርሙሱን አነሡ። «ሰው ከጠየቀኝ እንዲህ ብዬ እነግረዋለሁ፣ ለነፍሷ ሱባኤ ገቡላት ብዬ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «አልጋ ያነጥፉላችኋል መባሉን ሰምቻለሁ። እሱን ለማንም አላወራም።»

በሩ ሲዘጋ እትዬ ዓለምጸሐይ የሽርጣቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። እትዬ ለተጊዮርጊስ ጀርባቸውን ቸብ ቸብ አደረጓቸው።

«የተያዘው ለአራት ነው» አሉ እትዬ አስካለማርያም፣ ሁሉም ጸጥ ሲል።

«ሦስት ብዬ እልካለሁ።»

«አራት ነው አልኩሽ።»

«እኔ አልጾምም፣ እትዬ አስካለ።»

«ማን ጠየቀሽ? የሥጋ አምሮትሽ ሲመጣ ከጀልባው ወርደሽ በልተሽ ተመለሺ፣ በእግር ትደርሽበታለሽ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«እናትሽም ነበረባት» አሉ እትዬ አስካለማርያምና ወደ ሽንኩርታቸው ዞሩ።

ኑሀሚን ታብሌቱን ይዛ ወጣች። ጋራዡ ውስጥ ሰው ስላለ፣ ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ አረጋውያን ስላሉ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ገብታ የማጠቢያ ማሽኑን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። አራተኛውን ፎቶ ከፈተችው። ሳህኑ ጎድጓዳ ነው፣ ቅጠል የለበትም። ዳር ዳሩ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሳህኑን አቆሽሾታል፣ እንደሚገባው። ከማንኪያው ላይ ግን እንደ ጭቃ ነው የተንጠለጠለው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጻፈች።

«ልጇ ነኝ። እናቴ ሞታለች። ጓደኞቿ ይመጣሉ፣ እኔም እመጣለሁ። ሹሮው አሁንም ወፍራም ነው።»

ላከችው። ቀጥሎ የተሳፋሪዎቹን ቅጽ ከፈተች። በእናቷ አሞላል ነው የተሞላው፣ ሁሉም በትልልቁ የላቲን ፊደል። አስካለማርያም፣ ዓለምጸሐይና ለተጊዮርጊስ ከሥር ከሥር ተጽፈዋል። ከሁሉ በላይ፣ አንደኛው ሳጥን ውስጥ፣ የሺሀረግ።

ሳጥኑን ነካችው። የመጻፊያዋ ቋሚ መስመር ከስሙ መጨረሻ ላይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ማጥፊያውን ጫን ብላ ብትይዘው ስሙ ባንድ ጊዜ ይጠፋ ነበር፤ በሥራ ቦታዋ በየቀኑ የምታደርገው እንዲያ ነው። አንድ ጊዜ ነካችውና ጣቷን አነሣች። አንድ ፊደል ሄደ። ቆየች። እንደገና ነካችው፣ እንደገናም።

ከጋራዡ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፣ አዲስ እንግዳ ገብቷል። እትዬ አስካለማርያም ከወጥ ቤቱ በር ስሟን ጠሩ።

«መጣሁ» አለች ሳትነሳ።

ገና አራት ፊደል ይቀራል።